ከዕፅዋት የሚገኙ ውህዶች ቆዳን ከጸሐይ ጉዳት በእርግጥ ይከላከላሉ?

ቀያሿ፣ ኮዬ ፈጬ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ የመሬት ቅየሳ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባሉ የግንባታ ቦታዎች አብዛኛውን ቀን ዛፍም ዳስም በሌለበት ሜዳ ላይ እውላለሁ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ በጉንጮቼና በግንባሬ ላይ የወጣው ማድያት በክረምት ፈዘዝ ይልና መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ እንደገና ይጠቁራል። በተለምዶ ሰንስክሪን የሚባለውን የጸሐይ መከላከያ ቅባት እንድጠቀም ተመክሬያለሁ፤ ነገር ግን በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኘው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ዋጋው ለደመወዜ ከባድ ነው፤ አንዱን ዓይነት ለምጄው ስመለስ የማላገኝበት ጊዜም አለ።

በዚህ ምክንያት ከዕፅዋት የሚገኝ አማራጭ መፈለግ ጀምሬያለሁ። በግቢዬ እሬት አለኝ፤ ጎረቤቶቼ እርድ በማር ለውሼ እንድቀባ ይመክሩኛል፤ አማቴ ደግሞ ጤና አዳም ጨቅጭቄ ከሎሚ ጭማቂ ጋር ጠዋት ጠዋት ማድያቱን ብቀባው ይጠፋል ይሉኛል። በሌላ በኩል ስለ አረንጓዴ ሻይ፣ ስለ ቲማቲምና ከአንድ የፈርን ተክል ስለሚሠራ እንክብል የተጻፉ ጽሑፎችን አንብቤያለሁ፤ ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ጽሑፎች የሚያልቁት አንድ ምርት በማስተዋወቅ ስለሆነ እምነት አልጣልኩባቸውም።

ከእነዚህ ውስጥ በሰው ላይ ተሞክሮ የሠራው የትኛው ነው? ቅባቱን ሙሉ በሙሉ ሊተካ የሚችልስ አለ? በሙያው ያላችሁ እባካችሁ ምክንያቱን ጭምር አብራሩልኝ፤ "ተጠቀሚ" ወይም "አትጠቀሚ" ብቻ የሚል መልስ ለአማቴ አይበቃም።

የመድኃኒት ባለሙያ፣ ሰበታ

እህቴ፣ ሌላው ሁሉ ይቆይና የጤና አዳሙንና የሎሚውን ነገር ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት።

ጤና አዳም ውስጥ ፉራኖኩማሪን ከሚባለው ቤተሰብ የሆኑ፣ ሶራሌን በመባል የሚታወቁ ውህዶች አሉ። እነዚህ ውህዶች ቆዳ ላይ እንዳሉ ዩቪኤ የተባለው የጸሐይ ጨረር ሲያርፍባቸው ከሕዋሱ ዲኤንኤ ጋር ይጣበቃሉ፤ ሕዋሱም ይጎዳል። ጉዳቱ ወዲያው ስለማይታይ አሳሳች ነው። ቆዳው የሚያቃጥለውና ውኃ የሚቋጥረው ከአንድ ቀን በኋላ፣ ብዙ ጊዜም በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ስለሆነ፣ ሰው ከቅጠሉ ጋር ሳያያይዘው "ምች መታኝ" ብሎ ዳማከሴ ፍለጋ ይሄዳል። ውኃ የቋጠረው ሲደርቅ የሚተወው ጥቁር ምልክት ደግሞ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ማድያቱን ያጠፋል ተብሎ የተቀባው ነገር በማድያቱ ላይ ሌላ ጥቁረት ይጨምርበታል። ሎሚም ተመሳሳይ ውህዶች፣ በተለይ በልጣጩ ዘይት ውስጥ፣ አሉት፤ ጭማቂው ደግሞ አሲድነቱ ከፍተኛ በመሆኑ ቆዳን ያስቆጣል፤ በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ የሚነሳ ማንኛውም ቁጣ ሲያልፍ ጥቁር ጠባሳ መተዉ የተለመደ ነው።

ለአማትዎ ሲያስረዱ ግን ጤና አዳምን በጅምላ አያውግዙባቸው። በቡና ላይ ጣል ማድረጉ ወይም ከአይብ ጋር መብላቱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እኔም ቡናዬን ያለ እሱ አልወድም። ችግሩ የሚመጣው ትኩሱ ቅጠል ተጨቅጭቆ ቆዳ ላይ ሲውልና ያው ቆዳ ጸሐይ ሲያገኘው ነው። ይህንኑ የሶራሌን ባሕርይ ሕክምናው ራሱ ይጠቀምበታል፤ ለለምጽና ለአንዳንድ የቆዳ በሽታዎች ሶራሌን ከዩቪኤ ጋር ተጣምሮ ይሰጣል፤ እዚያ ግን መድኃኒቱም ጨረሩም በሐኪም ተለክቶ ነው።

እሬትን በተመለከተ፣ ውስጡ ያለው ዝልግልግ ቆዳን ያረጥባል፣ ጸሐይ የለበለበውንም ያበርዳል፤ ጨረርን ግን አያግድም። ማታ ከሥራ ሲመለሱ ቢቀቡት አልቃወምም፤ ቅጠሉ ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚወርደው ቢጫና መራራ ፈሳሽ ቆዳን ስለሚያስቆጣ አስቀድሞ ተንጠባጥቦ እንዲያልቅ ማድረግ ያስፈልጋል። እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ብርሃን ላይ ፈጥኖ የሚበላሽ ውህድ ስለሆነ ቀን ተቀብቶ መውጣት ልብስ ከማቅለም ያለፈ ጥቅም አይታየኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። "ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ፣ ማድያት የሚያጠፋ" እየተባሉ ያለ ምዝገባ የሚሸጡ ቅባቶች አሉ። በየአገሩ ተመርምረው ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኪኖን ወይም ሜርኩሪ የተገኘባቸው ብዙ ናቸው። በሁለት ሳምንት ፊትዎን ቦግ ካደረገው፣ ያደረገው ቅጠሉ እንዳልሆነ ይጠርጥሩ።

የዕፅዋት ኬሚስትሪ መምህር፣ ሆለታ

ከላይ የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ትክክለኛ ነው፤ እኔ ወደ ዋናው ጥያቄ ልለፍ። "ውህዱ ጨረርን ያግዳል ወይ?" እና "ጨረሩ ካለፈ በኋላ የሚያደርሰውን ጉዳት ይቀንሳል ወይ?" የሚሉት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ጠያቂዋ ያነበቧቸው ዓይነት ማስታወቂያዎች ሰውን የሚያደናግሩት ሁለተኛውን በመጀመሪያው ቦታ እየተኩ ነው።

ከጸሐይ የሚመጣው አልትራቫዮሌት ጨረር በሞገድ ርዝመቱ በሦስት ይከፈላል። ከ280 ናኖሜትር በታች ያለውን ዩቪሲ የኦዞን ሽፋንና አየሩ ስለሚያስቀሩት መሬት አይደርስም። ከ280 እስከ 315 ናኖሜትር ያለው ዩቪቢ በአብዛኛው በላይኛው የቆዳ ሽፋን ላይ ይቆምና የሕዋሳቱን ዲኤንኤ በቀጥታ ይጎዳል። ከ315 እስከ 400 ናኖሜትር ያለው ዩቪኤ ደግሞ ወደ ውስጥ ዘልቆ በመግባት ያልተረጋጉ የኦክስጅን ዓይነቶች እንዲፈጠሩ ያደርጋል፤ እነዚህም የሕዋሱን ስብና ፕሮቲን፣ እንዲሁም ቆዳን ወጥሮ የሚይዘውን ኮላጅን ያበላሻሉ። ማድያትን በሚመለከት ደግሞ ዓይናችን የሚያየው ብርሃን፣ በተለይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው፣ የራሱ ድርሻ አለው።

ተክሎች ጥላ ፍለጋ መሄድ ስለማይችሉ በቅጠላቸው የላይኛው ሽፋን ውስጥ ፍላቮኖይዶችንና የሲናሚክ አሲድ ወገን የሆኑ ውህዶችን እያከማቹ ራሳቸውን ይከላከላሉ። በሕዋሳቸው ውስጥ ዩቪቢን የሚያውቅ የራሱ ፕሮቲን አለ፤ ጨረሩ ሲበረታ ይህ ፕሮቲን የመከላከያው ምርት እንዲጨምር ያደርጋል። ስለዚህ በእንጦጦና በመናገሻ ዳገት ላይ የሚበቅል ቅጠል በእርግጥም የራሱን የጸሐይ መከላከያ ይሠራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሰው ልጅም ከዚህ ተምሯል፤ ለብዙ ዓመታት በቅባቶች ውስጥ በስፋት ሲያገለግል የኖረው ኦክቲኖክሴት የተባለው የዩቪቢ ማጣሪያ በፋብሪካ የሚመረት ቢሆንም በአፈጣጠሩ የዚሁ የሲናሚክ አሲድ ዘመድ ነው።

ታዲያ ቅጠሉን ወቅጦ መቀባት ለምን አይበቃም? ተክሉ ውህዱን በሕዋሶቹ ውስጥ አጭቆ በወጥ ሽፋን ያስቀምጠዋል፤ እኛ ስንቀባው ግን መጠኑ አነስተኛ ሆኖ እዚህም እዚያም ይንጠባጠባል፣ በላብ ይታጠባል። ከዚህም በላይ ሁሉም ውህድ የሚፈለገውን ጨረር አይውጥም። ለምሳሌ ኢጂሲጂ የሚባለው የአረንጓዴ ሻይ ዋነኛ ውህድ ጨረርን አጥብቆ የሚውጠው በ275 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ ይህ ደግሞ ቀድሞውኑ መሬት የማይደርሰው የዩቪሲ ክልል ነው። እንደ ማጣሪያ ሲታይ ማንም ባልመጣበት በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው።

ይሁን እንጂ የአረንጓዴ ሻይ ፖሊፊኖሎች (ኢጂሲጂ ያለበት የውህዶች ቤተሰብ) ተጣርተው በሰው ቆዳ ላይ ከተቀቡ በኋላ ሰው ሠራሽ የጸሐይ ጨረር ሲለቀቅበት የቆዳው መቅላትና የዲኤንኤ ጉዳቱ መቀነሱ በሙከራ ታይቷል። የሠሩት ጨረሩን በማገድ ሳይሆን እነዚያን ያልተረጋጉ የኦክስጅን ዓይነቶች በማክሸፍና የቆዳውን ቁጣ በማብረድ ነው። በሙከራው የዋለው ግን መጠኑ የታወቀ የተጣራ ውህድ ነው፤ ሻይ አፍልቶ ፊትን መታጠብ ያንን አይሰጥም፤ ውህዱም በአየርና በብርሃን ፈጥኖ ይበላሻል። ሻዩን በመጠጣት የተደረጉት ሙከራዎች ደግሞ እርስ በርሳቸው አይስማሙም፤ አንዱ ጥቅም ሲያገኝ ሌላው አላገኘም።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚስበኝ ፌሩሊክ አሲድ ነው፤ ምክንያቱም በስንዴ ፉርሽካ፣ በአጃና በጤፋችንም ውስጥ በብዛት የሚገኝ ውህድ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ ጥናት 15 በመቶ ቫይታሚን ሲ እና 1 በመቶ ቫይታሚን ኢ በያዘ ፈሳሽ ላይ 0.5 በመቶ ፌሩሊክ አሲድ ሲጨመር ፈሳሹ ከመረጋጋቱም በላይ ለቆዳ የሚሰጠው ጥበቃ ከ4 እጥፍ ወደ 8 እጥፍ ገደማ ማደጉን አሳይቷል። ዛሬ በውድ ዋጋ የሚሸጡት የቫይታሚን ሲ ፈሳሾች ብዙዎቹ ይህን ቀመር የተከተሉ ናቸው። ይህ ማለት ግን ፉርሽካ አላቁጦ ፊት ላይ መለጠፍ ይሠራል ማለት አይደለም፤ በእህሉ ውስጥ ያለው ፌሩሊክ አሲድ ከቃጫው ጋር በኬሚካላዊ ትስስር የተቆራኘ ስለሆነ ውኃ ብቻውን አይፈታውም።

ስለ ምግብ የተጠየቀው ደግሞ የተሻለ መልስ አለው። በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመ የጀርመን ጥናት፣ በየቀኑ 40 ግራም የቲማቲም ድልህ ከ10 ግራም የወይራ ዘይት ጋር ለ10 ሳምንታት የበሉ ሰዎች ቆዳ፣ ወይራ ዘይቱን ብቻ ከበሉት ጋር ሲነጻጸር፣ በጨረር ምክንያት የሚታይበት መቅላት በ40 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ምክንያቱ ሊኮፒን የተባለው ቀይ ውህድ ነው፤ ቲማቲም ሲበስልና ከዘይት ጋር ሲሆን ሊኮፒኑ ወደ ደም የመግባት ዕድሉ ይጨምራል፤ የእኛ ስልስ በዚህ ረገድ ከጥሬ ቲማቲም ሰላጣ ይበልጣል። ነገር ግን ጥናቱ የተደረገው ቆዳቸው ነጭ በሆነ ሰዎች ላይ ነው፤ የተለካው መቅላት እንጂ ማድያት አይደለም፤ ውጤቱም የታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። ስለዚህ ስልሱን ይብሉ፤ ስልስ በልቻለሁ ብለው ግን ባዶ ፊትዎን ጸሐይ ላይ አይዋሉ። ቤታ ካሮቲንን በእንክብል መልክ መውሰድን ደግሞ አልመክርም፤ በ1994 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ በፊንላንድ አጫሾች ላይ የተደረገው ትልቅ ጥናት እንክብሉን የወሰዱት ሰዎች በሳንባ ካንሰር ይበልጥ መያዛቸውን አሳይቷል። ካሮትና ጎመን እንዲህ ያለ ስጋት የለባቸውም።

ፈርኑ ፖሊፖዲየም ሌውኮቶሞስ ይባላል፤ የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። ጭማቂው በእንክብል ተወስዶ በትናንሽ ጥናቶች የቆዳን መቅላት ቀንሷል። ሆኖም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. "የሚዋጥ ጸሐይ መከላከያ" እያሉ እንክብል ለሚሸጡ ድርጅቶች ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል፤ ቅባትን የሚተካ እንክብል የለም በማለት። ለዚህ የሚያወጡትን ገንዘብ ለቅባቱ ቢያውሉት ይሻላል።

የሩጫ አሠልጣኝ፣ ሱሉልታ

የመምህሩን ማብራሪያ በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ሁለት ነገሮች ግን አልተዋጡልኝም። አንደኛ፣ እኛ የምንሠለጥነው 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ገበሬውም አትሌቱም በዚህ ጸሐይ ዕድሜውን ሲፈጅ ቆዳው ተቃጥሎ ሲላጥ አላየሁም። ፈጣሪ የሰጠን ጥቁር ቆዳ ራሱ መከላከያ ሆኖ ሳለ ለነጮች የተሠራ ቅባት ከየት መጣ? እናቶቻችን ቅቤና የኑግ ዘይት ተቀብተው ነው የኖሩት። ሁለተኛ፣ ስለ አገራችን ዕፅዋት "አልተረጋገጠም" ሲባል የሚመረምር ገንዘብ ስላልተመደበ እንጂ የማይሠሩ ስለሆኑ ላይሆን ይችላል። አልተጠናም ማለትና አይጠቅምም ማለት አንድ አይደለም።

ቀያሿ፣ ኮዬ ፈጬ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጤና አዳሙ ጉዳይ በቤታችን ተዘግቷል፤ አማቴ ምች የሚለውን ሲሰሙ ነው ያመኑት። አሠልጣኙ ያነሱት ጥያቄ የእኔም ስለሆነ መልሱን እጠብቃለሁ። መምህሩ ስለሚታይ ብርሃንም ጠቅሰው አልፈዋል፤ ቅባቱ ይህንንም ይከላከላል ወይ? በተጨማሪ፣ በሥራ ላይ ራሴንና ፊቴን በነጠላ እሸፍናለሁ፤ ቶታል ስቴሽን ለሚባለው የቅየሳ መሣሪያ የምንዘረጋው ትልቅ ጃንጥላ አለ፣ ከመሣሪያው ተርፎ ለሰው ግን አይደርስም።

የዕፅዋት ኬሚስትሪ መምህር፣ ሆለታ

አሠልጣኙ በሁለተኛው ነጥብ ትክክል ናቸው። የግራዋ፣ የሽፈራውና የሌሎችም ቅጠሎች በፍላቮኖይድ የበለጸጉ መሆናቸው ይታወቃል፤ ይህ ግን በሰው ቆዳ ላይ እንዴት እንደሚሠሩ አይነግረንም፤ እስኪታወቅ ድረስ የሚከፈለው ዋጋ በሰው ፊት ላይ ነውና እኔ አልደፍርም። በተለይ "የእንዲህ ያለ ዘይት ኤስፒኤፍ (ከጸሐይ ቃጠሎ የመከላከል አቅሙን የሚለካው ቁጥር) 7 ነው" የሚሉ አባባሎችን ሳይ እጠነቀቃለሁ፤ ብዙዎቹ የተገኙት ዘይቱን በአልኮል አሟሙቶ በመሣሪያ ከመለካት ነው፤ ትክክለኛው መለኪያ ግን በሰው ቆዳ ላይ በካሬ ሴንቲሜትር 2 ሚሊግራም ተቀብቶ የሚደረገው ነው። ቅቤም ሆነ የኑግ ዘይት ቆዳን ያለሰልሳል፣ ድርቀት ይከላከላል፤ ስስ የቅባት ሽፋን ግን ጨረሩን ያሳልፈዋል።

በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ግማሽ በግማሽ እስማማለሁ። በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣ መለኪያ የጥቁር ሰው የላይኛው የቆዳ ሽፋን በአማካይ ወደ 13 የሚጠጋ፣ የነጭ ሰው ደግሞ ከ3 ትንሽ ከፍ የሚል የጥበቃ ቁጥር እንዳላቸው አሳይቷል። ለቆዳችን ጥቁረት የሚሰጠው ቀለም፣ ሜላኒን፣ ከማንኛውም የተክል ውህድ የሚበልጥ መከላከያችን ነው፤ በጸሐይ የሚመጣ የቆዳ ካንሰርም በእኛ ዘንድ እምብዛም የማይታየው ለዚህ ነው። ነገር ግን ማድያት የሜላኒን እጥረት ሳይሆን መትረፍረፍ ነው። በእርግዝና ሆርሞን የተቀሰቀሰው ሜላኒን ሠሪ ሕዋስ ትንሽ ብርሃን ባገኘ ቁጥር ምርቱን ይጨምራል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ይህ ከነጭ ቆዳ ይልቅ ይበረታል። ስለዚህ ጠያቂዋ የሚከላከሉት ቃጠሎን ሳይሆን ይህን ቅስቀሳ ነው።

ስለ ከፍታውም አንድ ቃል ልበል። ከባሕር ጠለል በየ1,000 ሜትሩ ስንወጣ ዩቪው ከ10 እስከ 12 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ጸሐይዋ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ፣ እኩለ ቀን ላይ አናታችን ላይ ትቆማለች። በጠራ ሰማይ የዩቪ መለኪያው በዓለም ጤና ድርጅት ሠንጠረዥ "እጅግ ከፍተኛ" የሚባለውን 11ን ያልፋል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ አይታወቀንም፤ የሚያሞቀውና የሚጎዳው ጨረር የተለያዩ ናቸውና። አትሌቶቹ ጎህ ሲቀድ ሮጠው መመለሳቸው ከማንኛውም ቅባት ይበልጣቸዋል።

የሚታየውን ብርሃን ተራው ሰንስክሪን አያግደውም። የሚያግደው አይረን ኦክሳይድ የተባለው የአፈር ቀለም የተጨመረበት፣ ቆዳ መስሎ የሚቀባው ባለ ቀለም ዓይነት ነው። ይህ የተክል ውጤት አይደለም፤ ቢሆንም ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ የሐመር ሴቶች ከቅቤ ጋር ለውሰው ጸጉራቸውን የሚቀቡት ቀይ አፈር ቀለሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ለማድያት አንድ ቅባት ብቻ መግዛት ከቻሉ እንግዲህ ባለ ቀለሙን ይምረጡ፤ ፊትን አመድ የማስመሰል ችግሩም በዚሁ ይቃለላል።

የሁለት ልጆች እናት፣ ቡራዩ

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ትንሹ ልጄ አልቢኒዝም ስላለበት ግን ይህን ጉዳይ በየቀኑ እኖረዋለሁ። በእሱ ቆዳ ላይ የሜላኒን መከላከያ ስለሌለ በእሬት፣ በዘይት ወይም በሻይ የሚሞከር ነገር የለም፤ ይህን ውይይት የሚያነብ ተመሳሳይ ልጅ ያለው ወላጅ ካለ፣ ከላይ የተባለው "ጥቁር ቆዳ ይችለዋል" የሚለው ለእነዚህ ልጆች እንደማይሠራ፣ ጸሐይ የለበለበውና የማይድን ቁስል ሲያይም ሳይውል ሳያድር ሐኪም ማሳየት እንዳለበት ይወቅልኝ።

ለቀያሿ እህቴ ከልምዴ የምነግራት ስለ ልብስ ነው፤ ቅባቱ ውድ ከሆነ በልብስ የሚሸፈነውን ሁሉ በልብስ መሸፈንና ቅባቱን ለፊትና ለእጅ ጀርባ ብቻ ማስቀረት ይቻላል። ነጠላ ስስና ሰፊ ቀዳዳ ያለው ሽመና ስለሆነ ጥላው ደስ ይላል እንጂ ጨረሩን ያሳልፋል፤ ስስ ነጭ የጥጥ ካናቴራ እንኳን የጥበቃ ቁጥሩ ከ5 እስከ 7 ብቻ እንደሆነ፣ በላብ ሲርስም እንደሚቀንስ የልጄ ሐኪም ነግረውኛል። ነጠላውን ደራርበሽ አጣጥፊው፤ ከተቻለ ግን ጠቆር ያለና ጥቅጥቅ ያለ ሻሽ ከሥር አስረሽ ዙሪያውን ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ድፊበት። ጨርቁን ወደ ብርሃን ዘርግተሽ ስታዪው ብርሃኑ ፍንጥቅጥቅ እያለ የሚያልፍ ከሆነ ጨረሩም ያልፋል። የባርኔጣው ክፈፍ አንገትንና ጆሮን መሸፈን አለበት፤ ወጣቶቹ የሚያደርጉት ከፊት ብቻ የሚወጣው ኮፍያ ጆሮን ለጸሐይ ይሰጣል።

ጃንጥላውን በተመለከተ ደግሞ አለቃሽን ሁለተኛ ጃንጥላ ጠይቂ፤ ከመሣሪያው ጋር የምትቆሚውም አንቺ ነሽ።

የመድኃኒት ባለሙያ፣ ሰበታ

ባርኔጣው ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ቅባቱን በሚመለከት የቀረውን ላሟላ፦ ኤስፒኤፍ 15 የዩቪቢውን 93 በመቶ፣ 30 ደግሞ 97 በመቶ፣ 50 ደግሞ 98 በመቶ ገደማ ስለሚያግዱ 30 ይበቃዎታል፤ ለትልቁ ቁጥር የሚጨምሩትን ገንዘብ ዩቪኤንም ይከላከላል ተብሎ የተጻፈበትንና ባለ ቀለሙን ለመምረጥ ያውሉት። ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣቶች ርዝመት የሚወጣውን ያህል ይቀቡ፤ ለቁጠባ ብሎ ማሳሳት የሚሰጠውን ጥበቃ ከተጻፈው በእጅጉ ያወርደዋል። ቅባቱ በየሁለት ሰዓቱ መታደስ ያለበት ስለሆነ ለደመወዝዎ የሚከብድ ከሆነ ቢያንስ ጸሐይዋ በምትበረታበት ከቀኑ 4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሜዳ ላይ የሚውሉባቸውን ሰዓቶች ሳይቀቡ አያሳልፉ፤ ጥላዎ ከቁመትዎ ሲያጥር ሰዓት ማየት አያስፈልግዎትም።

አረንጓዴ ሻይም ሆነ ፌሩሊክ አሲድ ያለበት የቫይታሚን ሲ ፈሳሽ ከእጅዎ ከገባ ጠዋት ከቅባቱ ሥር ይቀባል፤ በቅባቱ ምትክ ግን አይሆንም። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ወይም መርፌ የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ሆርሞኑ ማድያትን ሊያባብስ ስለሚችል ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ሆርሞን የሌለበት ዘዴ አለ። ቅባቱን በመስክ መኪናው ዳሽቦርድ ላይ አይተዉት፤ ሙቀት ያበላሸዋል፤ ከምሳ ዕቃዎ ጋር በቦርሳ ውስጥ ይያዙት።